መርፌው ነው፣ ኪኒኑ ነው ወይስ ቡናው?

«እናቴ 52 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት 7 ዓመት ሆኗል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ጠዋትና ማታ፣ ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። አሜሪካ ያለችው አክስቴ እሷ ራሷ የምትወጋውን ኦዜምፒክ የሚባል የስኳር መርፌ ላከችላት። ሳጥኑ ላይ 1 ሚሊግራም ይላል። በየእሁዱ ማታ ነው የምትወጋው፤ አሁን ሦስተኛውን ወግታለች። 4 ኪሎ ቀንሳለች፤ ደስ ብሏታል። ግን ራሷን ያማታል። ሰኞና ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ይፈልጣታል፤ በነዚህ ቀናት ምግብ አይበላላትም፣ ቡና ሲቆላ ያቅለሸልሻታል። ከሐሙስ በኋላ ትመለሳለች፣ ቡናዋንም ትጠጣለች። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ረፋድ ላይ ራሷን አሟት ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እሰጣታለሁ። ጎረቤት ‹ኪኒኑ ነው፣ ሁሉንም አቁሚ› ይላታል። ቲክቶክ ላይ የሚያከሳ ሻይ አይቻለሁ፤ እሱ አይሻላትም? ራስ ምታቱን ያመጣው የትኛው ነው?» — አንዲት ልጅ፣ ከጅማ

ከራስ ምታቱ በፊት እኔን፣ ፋርማሲስቱን፣ ያስደነገጠኝ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። 1 ሚሊግራም የጀማሪ መጠን አይደለም። ኦዜምፒክ የሚጀመረው በ0.25 ሚሊግራም ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ለ4 ሳምንት። ከዚያ 0.5 ይሆናል፤ እሱም ላይ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆያል። 1 ሚሊግራም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ካስፈለገ። እናትሽ የጀመሩት ሌላ ሰው ከ2 ወር በኋላ በሚደርስበት መጠን ነው፤ ከመነሻው 4 እጥፍ ማለት ነው። አክስትሽ ክፉ አላሰበችም። እሷ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥታ የደረሰችበትን እስክሪብቶ (መድኃኒቱ የተሞላበትን መወጊያ) ነው የላከችው። ግን ያ እስክሪብቶ 1 ሚሊግራም ብቻ እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው። አንዳንድ ሰው መጠን መምረጫውን ሲያዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚለውን ድምፅ እየቆጠረ ሊከፋፍለው ይሞክራል። እንዳታደርጉት።

ስለዚህ የሚቀጥለው እሁድ መርፌ ይቅር። ሐኪም ሳያያቸው አትውጓቸው። «ታዲያ ስኳራቸው ይወጣል» ትይኝ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አይወጣም። መድኃኒቱ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ጨርሶ እስኪጠፋ ወደ 5 ሳምንት ይሄዳል። ሦስት መርፌ ተወግተዋል፤ ያለው ለጊዜው ይበቃቸዋል። በዚያው ልክ ማቅለሽለሹም ባቆሙ ማግስት አይለቃቸውም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ራስ ምታቱን ያመጣው መርፌው ነው ወይ? ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ነው። ይኸው መድኃኒት ለክብደት ዌጎቪ በሚል ስም፣ በ2.4 ሚሊግራም ይሰጣል። በዌጎቪ ጥናቶች ላይ ከ100 አዋቂዎች 14ቱ ራሳችንን አሞናል ብለዋል። ብዙ ይመስላል። ግን መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ከተወጉትም ከ100ው 10ሩ እንደዚያው ብለዋል። ሰው ራሱን ያመዋል፤ ቢወጋም ባይወጋም። መርፌው የጨመረው 4 ሰው ያህል ነው።

እነዚያም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሚታመሙት በእጅ አዙር ሳይሆን አይቀርም። መርፌው ምግብ ይዘጋል፣ ውሃ ያስረሳል፣ ያስታውካል፣ ቡና ያስጠላል። ራስ የሚያመው ከነዚህ ነው። የእናትሽ ሰኞና ማክሰኞም ከዚህ ጋር ልክክ ይላል፤ ሴማግሉታይድ ከተወጋ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው። እሁድ ማታ ተወግተው ሰኞና ማክሰኞ ሲጥላቸው፣ ሐሙስ ሲነሱ ይታይሻል።

ረቡዕና ዓርብ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለኔ ከጻፍሽው ሁሉ የበለጠ የነገረኝም እሱ ነው። እናትሽ ይጾማሉ፣ አይደል? ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ኪኒናቸውን በውሃ ዋጥ አድርገው እስከ 9 ሰዓት ይቆያሉ ብዬ ልገምት። ረፋድ ላይ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት። ይህ ስኳር ሲወርድ የሚመጣ ነው። እስኪለካ ድረስ ጥርጣሬ ነው፤ ግን ጠንካራ ጥርጣሬ።

ጎረቤታችሁ «ኪኒኑ ነው» ሲል ከሦስቱ በአንዱ ልክ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር ከመጠን በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ኢናላፕሪልም እዚህ ላይ ዋናው ተጠርጣሪ አይደለም። ዋናው ተጠርጣሪ ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ ኪኒን ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጣ» እያለ ይጎተጉታል፤ ሰው በላ አልበላ አይጠይቅም። ሴማግሉታይድ ጨዋ ነው፤ ኢንሱሊን የሚያስጨምረው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ነገሩ ይበላሻል፦ አንዱ ምግብ ይዘጋል፣ ሌላው ምግብ እንዳለ ቆጥሮ ይሠራል። ለዚህ ነው ሐኪም እንዲህ ዓይነቱን መርፌ ሲያስጀምር የግሊቤንክላማይዱን መጠን የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው። እናትሽን ማንም አልቀነሰላቸውም፤ ምክንያቱም መርፌው የመጣው በሻንጣ ነው እንጂ በሐኪም ትእዛዝ አይደለም።

ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ቀን ጠዋት፣ የጅማ ዝናብ እያካፋ፣ አንዲት እናት ወደ መድኃኒት ቤቱ መጡ። ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ ራስ ሲያም እንደሚታሰረው። «ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጠኝ» አሉኝ። ብሩን ሲያወጡ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሳንቲሙ ወደቀ። ከሻሹ በታች ላባቸው ይወርዳል፤ ውጭው ግን ብርድ ነው። ጣታቸውን ወጋ አድርጌ ለካሁ፦ 48። ስኳር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ ወንበር አቀረብኩላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሻሻቸውን ላላ አደረጉና «ውሃው ውስጥ የጨመርክብኝ ማስታገሻ ምንድን ነው? እሱን ስጠኝ» አሉኝ። ማስታገሻውን አልሸጥኩላቸውም። ወደ ሐኪማቸው ነው የላክኋቸው።

እናንተም ቤት መደረግ ያለበት ይኸው ነው። ራሳቸውን ሲያማቸው ከማንኛውም ነገር በፊት ጣታቸው ይወጋ። በኋላ ሲሻላቸው አይደለም፣ ጠዋት በተለመደው ሰዓት አይደለም፤ ልክ ሲያማቸው። መለኪያ ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም አቅራቢያችሁ ያለ መድኃኒት ቤት አስለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ወይም የትንሿን ጠርሙስ ለስላሳ ግማሽ ይጠጡ (ስኳር አልባውን እንዳትሰጪ፣ ሰው በድንጋጤ ይሳሳታል)። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ካልተነሳ ይደገም። ሲነሳ ምግብ ይብሉ። እንጀራና ዳቦ ለመጀመሪያው እርዳታ ዘገምተኛ ናቸው፤ ቀጥለው ነው የሚመጡት። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ የወረደ ስኳር ከተነሳ በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። በዚያው ቀን ሁለተኛ ጊዜ ከወረደ ሆስፒታል ሂዱ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ታንቀው ይሞታሉ። ባጃጅ ጥሩና ሩጡ።

ጾሙን በተመለከተ እኔ ጹሙ አትጹሙ የምል ሰው አይደለሁም፤ ያ ከንስሐ አባታቸው ጋር የሚነጋገሩት ነው፣ ለታመመ ሰው ደግሞ መንገድ አለው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳን ላይ ይኸው ነው የሚገጥማቸው፤ ስኳር ክሊኒኩ ከጾሙ በፊት ኪኒኑን ያስተካክልላቸዋል። የኔ ድርሻ አንድ ነው፦ ምግብ የማይበላ ከሆነ፣ ከዚያ ምግብ ጋር የሚወሰደው ግሊቤንክላማይድም አይዋጥ። በባዶ ሆድ ውጦ የጅሬንን ዳገት የወጣ ሰው መሀል ላይ ቢቀመጥ አይግረመው።

አሁን ስለ ቡናው። ጅማ ተቀምጦ ቡና በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው ራሱን ባያመው ነው የሚገርመኝ። እናትሽ ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከሰዓትም እንደገና የሚጠጡ ከሆነ አንጎላቸው ካፌይኑን ለምዶታል። ካፌይን የአንጎል ደም ሥሮችን ጠበብ ያደርጋል። ሲቀር ይሰፋሉ፣ ራስ ይፈለጣል። ይህ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው፤ በ1ና በ2 ቀን ውስጥ ይብሳል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። እናትሽ ደግሞ ጨርሰው አላቆሙም፤ ሰኞ ያቆማሉ፣ ሐሙስ ይመለሳሉ። በየሳምንቱ እንደ አዲስ ቡና ማቆም ማለት ነው። በየሳምንቱ እንደ አዲስ መታመም። መፍትሔው ቀላል ነው። ቡናው ሲቆላ እዚያ አይቀመጡ፤ ጭሱ ነው የሚያቅለሸልሻቸው። ሲፈላ አንድ ስኒ ቀጠን ያለ፣ ያለ ስኳር፣ ትንሽ ነገር ከቀመሱ በኋላ ይጠጡ። መቀነስ ከፈለጉ በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ። በነገራችን ላይ በቀን ስድስት ስኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ይጠጡ ከነበረ፣ ቡናው ሲቀር ያ ሁሉ ስኳርም አብሮ ቀርቷል። ግሊቤንክላማይዱ ግን አልቀነሰም።

ውሃውንም አትርሺ። መርፌው ረሃብን ብቻ ሳይሆን ጥምንም ሊቀንስ ይችላል። ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ደርቀዋል። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ፉት ይበሉ እንጂ አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ አይጨልጡ፤ ያስመልሳቸዋል። ቀጠን ያለ የአጃ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ካስታወኩ ኦአርኤስ ጥሩ ነው።

ዲክሎፌናኩን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው፣ ውሃ አጥሮት፣ ላዩ ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመርበት ኩላሊቱ ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ግፊትም ይጨምራሉ፣ ባዶ ሆድንም ይልጣሉ። ከ7 ዓመት ስኳር በኋላ ኩላሊት ላይ መቀለድ አይቻልም። ስኳራቸው ተለክቶ ደህና ከሆነ፣ ውሃ ጠጥተው ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ካልተወ፣ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይውሰዱ፤ በ24 ሰዓት ከ6 ፍሬ አይለፍ። በየቀኑ የሚወሰድ ማስታገሻ ደግሞ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም፤ ግን እውነት ነው።

ስለ ቲክቶኩ ሻይ የምለው አጭር ነው፦ አይሆንም። «ንጹሕ ቅጠል» ተብለው ከሚሸጡ የሚያከሱ ነገሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) እና ስትሮክ ስለሚያመጣ። ግፊት ያስነሳል፣ ራስ ያሳምማል። ካልሆነም ሰና የሚባለው አስቀማጭ ቅጠል ይገባበታል። እሱ ስብ አያቀልጥም፤ ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውሃ ነው። የደረቀን ሰው ደግሞ የበለጠ ያደርቃል። መርፌውም ሲያልቅ ቴሌግራም ላይ እንዳትፈልጊ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ የተወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ውስጡ ኢንሱሊን ሳይሆን አይቀርም ነው የተባለው። እዚያ ይህ ከሆነ እዚህ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው።

ሁሉንም ነገር በመድኃኒት ማሳበብም አያዋጣም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ጅማ ነው ያለነው፤ የወባ ደም ምርመራ ይደረግ። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ራሳችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ውጭ ስትወጡ ደግሞ ከተዋችሁ፣ መስኮት ተዘግቶ የሚነደውን ከሰል ጠርጥሪ። ዓይናቸው ብዥ ካለ አዲስ መነጽር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ እይታ ለሳምንታት ይዋዥቃል። ግን የዓይን ሐኪም ያያቸው፤ የቆየ የስኳር ጉዳት ዓይናቸው ውስጥ ካለ፣ ፈጣን መውረድ ሊያብሰው ይችላል። ግፊታቸውንም ለኩ። ሰው ሲከሳና ሲደርቅ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ኢናላፕሪሉም መታየት አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። በአንድ ጊዜ እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት። አፍ መጣመም፣ አንደበት መያዝ፣ የሰውነት አንድ ጎን መድከም። ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር። አንድ ዓይን ድንገት ማየት ሲያቆም፤ ይህ በሴማግሉታይድ እጅግ አልፎ አልፎ የሚመጣ ግን የታወቀ ጉዳት ነው። ከላይ ሆዳቸውን ይዞ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማይለቅ ሕመም ከማስታወክ ጋር፤ ይህ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ግፊት 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ራስ ምታት ካለ። ውሃ እንኳ አልረጋ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያስታውካቸው ከሆነም ያው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሜትፎርሚኑም ኢናላፕሪሉም ለጊዜው መቆም ስላለባቸው የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያቸው። ከነዚህ አንዱ ከታየ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ ሌሊትም ቢሆን።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የግሊቤንክላማይዱን መጠን የሚቀይረው ሐኪማቸው ነው። ግን ወሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሂዱ። እስከዚያ መርፌው ይቁም። ሜትፎርሚኑና ኢናላፕሪሉ፣ ምግብና ውሃ እየረጋላቸው ከሆነ፣ ይቀጥሉ። ግሊቤንክላማይዱ ሲበሉ ብቻ። በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበሉትን፣ ራሳቸውን ሲያማቸው የተለካውን ስኳርና ግፊት ጻፊ። ሁለት ሦስት ቀን የተጻፈ ወረቀት ለሐኪሙ ከአንድ ሰዓት ወሬ ይሻለዋል። ደግሞ ንገሪው፤ ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ መርፌ መጀመሩን ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል። ቢቆጣም ይቆጣ።

ሐኪሙ መርፌው ይቀጥል ካለ በ0.25 እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ እስክሪብቶ ያስፈልጋል። ለአክስትሽ ዛሬ ደውዪና ከሐኪሙ ሳትሰሙ ሁለተኛ እንዳትልክ ንገሪያት። የተከፈተውን ማንም ሌላ ሰው እንዳይወጋበት፤ መርፌው ተቀይሮም ቢሆን ደም ይተላለፋል። ለሐኪሙ እንዲታይ ሳጥኑንና እስክሪብቶውን በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።